ፕሮዲኤስኤስ ለጅረት ዓሣ ጥናት፦ የቱን ሴንሰር ማዘዝ፣ የቱን መተው

የዋይኤስአይ ኩባንያ ፕሮዲኤስኤስ ጅረት ዳር ቆሞ ውሃ ለመለካት ከተሠሩት የእጅ መሣሪያዎች መካከል ከጥሩዎቹ ተርታ ይመደባል። ችግሩ የሚጀምረው ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። የዓሣ ተመራማሪው የሴንሰሮቹን ዝርዝር ያይና «ይሄም ይኑር፣ ያም ይኑር» ብሎ የማይጠቅሙትን ይሰበስባል፤ የግድ የሚያስፈልገውን ሳይይዝ ወንዝ ይወርዳል። ዓሣ የሚሞተው ወይም ቦታውን ለቆ የሚሄደው በቀኑ መጥፎ ሰዓት ነው፤ አማካዩ ደህና መሆኑ አያድነውም። ይህ መሣሪያ ደግሞ የሚያሳየው እናንተ ውሃው ዳር የቆማችሁባትን ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ሴንሰሮቹ የሚመዘኑት በሁለት ነገር ነው፦ በትክክል ይለካሉ ወይ? የለኩት ቁጥርስ ስለ ዓሣው ምን ይናገራል?

ዕቃው ሦስት ክፍል አለው፦ ስክሪን ያለው የእጅ ክፍል፣ ኬብል፣ በኬብሉ ጫፍ ደግሞ አራት ሴንሰር የሚሰካበት ራስ። ሴንሰሮቹ ዲጂታል ናቸው፤ የካሊብሬሽን (ንባቡን ከሚታወቅ ዋጋ ጋር የማስተካከል) መረጃው የሚቀመጠውም ራሱ ሴንሰሩ ውስጥ ነው። ይህ በሥራ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ሁለት ቡድን ሴንሰር ቢዋዋስ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተስተካከለው በሌላው የእጅ ክፍልም ላይ እንደተስተካከለ ይሠራል። አራቱ ቀዳዳዎች ሁሉንም ዓይነት ሴንሰር ይቀበላሉ። ባዶ የቀረ ቀዳዳ ካለ ግን መድፈኛው ሳይገባበት ውሃ እንዳይነካ፤ ውስጡ ያለው ማገናኛ አንዴ ከዛገ ሙሉውን ኬብል መቀየር ሊመጣ ነው። ውሃ በሚከለክሉት የጎማ ቀለበቶች (ኦ-ሪንጎች) ላይ የሚቀባው የሲሊኮን ቅባት በጣም ስስ ይሁን። ሲበዛ አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋው ደግሞ ውሃ ያሳልፋል።

«አራት» የሚለው ቁጥር ግን ያታልላል። የሙቀት መለኪያው ከኮንዳክቲቪቲው (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) ጋር በአንድ ሴንሰር ውስጥ ስለሆነ፣ ኦክስጅኑም ፒኤቹም (የውሃው አሲድነት) ያለ እሱ ትክክል አይሆኑም። አንዱ ቀዳዳ ከመጀመሪያውም የተያዘ ነው ማለት ነው። ለቀሪዎቹ ሦስት የእኛ ምርጫ ኦክስጅን፣ ፒኤችና ድፍርስነት ነው። ናይትሬት ወይም አሞኒየም ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ አንዱን ማውጣት አለበት፤ ለምን እንደማያዋጣ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ኦክስጅን

የመሣሪያው ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ሴንሰሩ በብርሃን ይሠራል፦ ሰማያዊ ብርሃን ቆቡ ላይ ያለውን ቀለም ያበራዋል፣ ዙሪያው ኦክስጅን በበዛ ቁጥር ፍካቱ ቶሎ ይከስማል፣ መሣሪያው የመክሰሚያ ጊዜውን ይለካል። እንደ ድሮው ባለ ሜምብሬን ሴንሰር ኦክስጅኑን እየበላ አይለካም። ስለዚህ ረግቶ በቆመ ውሃ ውስጥ ያለማቋረጥ ማማሰል አያስፈልግም፤ ቶሎ እንዲረጋ በዝግታ ወዲያ ወዲህ ማለት ይበቃል። አምራቹ የሚሰጠው ትክክለኛነት እስከ 20 ሚሊግራም በሊትር ድረስ ±0.1 ሚሊግራም ወይም ከንባቡ 1 በመቶ ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ለዓሣ ሥራ ከዚህ የተሻለ መፈለግ ትርፍ ነው።

ካሊብሬሽኑ ቀላል ነው፤ ሰው የሚዘናጋውም ቀላል ስለሆነ ነው። የካሊብሬሽን ኩባያው ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ይደረጋል። ቆቡ ላይና የሙቀት ዘንጉ ላይ አንዲት ጠብታ መኖር የለባትም። ኩባያው እስከ መጨረሻው አይጠበቅ፤ አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ ይያዝ፣ አለዚያ ውስጡ የታፈነው አየር ከውጭው የተለየ ግፊት ይኖረዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ኩባያው እየሞቀ ስለሚሄድ ንባቡ አይረጋም፤ ትዕግሥት ያጣ ሰው ደግሞ ባልረጋ ቁጥር ላይ «ተቀበል» የሚለውን ይጫናል።

ትልቁ ጥፋት ግን የሚመጣው ከአየር ግፊት ነው። የእጅ ክፍሉ የራሱ ባሮሜትር ስላለው ማንም ካልነካካው ችግር የለም። ችግሩ የሚፈጠረው «ባሮሜትሩን ላስተካክል» ብሎ የአየር ትንበያ ጣቢያ የሚያወጣውን ቁጥር ያስገባ ሰው ሲመጣ ነው። ጣቢያዎቹ የሚያወጡት ግፊት ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ነው፤ መሣሪያው የሚፈልገው ቆማችሁ ያላችሁበትን ትክክለኛ ግፊት ነው። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እውነተኛው ግፊት 570 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። እዚያ ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ አየር ጠግቦ ሊይዝ የሚችለው 6.8 ሚሊግራም በሊትር ያህል ኦክስጅን ብቻ ነው። 760 ተብሎ ከገባ ግን መሣሪያው ያንኑ ውሃ 9.1 ይለዋል። በሁለት ነጥብ ሦስት ሚሊግራም የተሳሳተ ቁጥር ምንም ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ ፋይል ውስጥ ይገባል። የሌላ ሰው መረጃ ተቀብላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካለ ጅረት 9 እና ከዚያ በላይ የሆነ ኦክስጅን በሞቀ ውሃ ካያችሁ፣ አልጌውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ባሮሜትሩን ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ዓሣው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው መስፈርት ከአማካዮች ሌላ ለቀኑ ዝቅተኛም ገደብ ያስቀምጣል። ለሞቃት ውሃ ዓሣዎች እንቁላልና ጫጩት ባለበት ጊዜ 5 ሚሊግራም፣ በሌላው ጊዜ 3 ሚሊግራም ነው። እንደ ትራውት ላሉ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣዎች ደግሞ 4 ሲሆን፣ እንቁላሉ ጠጠር ውስጥ በተቀበረበት ወቅት ወደ 8 ከፍ ይላል። 8 የሆነበት ምክንያት በጠጠሩ መካከል ያለው ውሃ ከላይ ከሚፈሰው በ3 ሚሊግራም ያህል እንደሚያንስ ታስቦ ነው። ፕሮዲኤስኤስ የሚለካው ከላይ የሚፈሰውን ነው። እንቁላሉ የሚተነፍሰውን ውሃ አያይም፤ የሴንሰሮቹን ራስ ጠጠር ውስጥ ለመቅበር መሞከርም ሴንሰሩን መቧጨር ብቻ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ «ዝቅተኛው» ላይ የቆሙ ከሆነ፣ ዝቅተኛው የሚገኘው መቼ ነው? ሌሊቱን ሙሉ አልጌውም፣ ባክቴሪያውም፣ ዓሣውም ሲተነፍስ ያድርና ጎህ ሊቀድ ሲል ኦክስጅኑ ወለሉን ይነካል። ፀሐይ ስትወጣ ዕፅዋቱ ማምረት ይጀምራሉ፤ ማዳበሪያ የገባበትና አልጌ የሸፈነው ጅረት ከቀትር በኋላ ከ120 በመቶ በላይ ጠግቦ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ ቡድኑ በመኪና ተጉዞ፣ ዕቃ አውርዶ፣ ወንዙ ዳር የሚደርሰው መቼ ነው? ልክ ውሃው በሚያምርበት ሰዓት። በጣም የተጎዳው ጅረት በዚያ ሰዓት ከጤነኛው የተሻለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። 130 በመቶ አይቶ «ውሃው ደህና ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ምልክቱን በግልባጩ አንብቦታል፤ ያ ቁጥር ሌሊት ላይ ምን እንደሚፈጠር የሚያስጠነቅቅ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ በየጣቢያው ቢያንስ አንድ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ መድረስ ነው። ሌላው ከዚህ መሣሪያ ጎን ውሃ ውስጥ ተትቶ ራሱ የሚመዘግብ ሎገር ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ የኦንሴት ሆቦ ዩ26 እስከ 8 ሚሊግራም ድረስ ±0.2፣ ከ8 በላይ ±0.5 ሚሊግራም ትክክለኛነት አለው። ከፕሮዲኤስኤስ ያንሳል፤ ግን ሌሊት ነቅቶ ያድራል። ቆቡ ከተጀመረ በኋላ ለስድስት ወር ሠርቶ፣ አንድ ወር ተጨምሮለት ይቆማል፤ የሥራ ወቅታችሁን በዚያ ልክ አቅዱ። ሎገሩ ሲቀመጥም፣ በየሳምንቱ ሲጎበኝም፣ ሲወጣም ፕሮዲኤስኤሱን አጠገቡ አስገብቶ ንባብ መውሰድ ያስፈልጋል። ሎገሩ ላይ አልጌና ደለል እየለበሰ ንባቡ ምን ያህል እንደተንሸራተተ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር የዚህ የእጅ መሣሪያ ዋና ጥቅም ይኸው ነው፦ የሎገሮቹ ምስክር መሆን።

የሙቀት ሴንሰሩ ±0.2 ዲግሪ ነው፣ አስተማማኝ ነው፤ ግን ለሙቀትም ያው ነገር ይሠራል። ትራውትን ከጅረት የሚያስወጣው የወሩ ሞቃት ቀን ከሰዓት ነው። የሙቀት ሎገር ከሁሉም ዕቃ ርካሹና ብዙ የሚናገረው ስለሆነ ከዚህ ላይ አትቆጥቡ። ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ይግባ፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው የራሱን ሙቀት ነው የሚለካው።

ኮንዳክቲቪቲ፣ ዓሣ ከመያዝ በፊት

ይህን ሴንሰር ብዙ ሰው ለብክለት ምልክት ብቻ ነው የሚያየው። ለዓሣ ቡድን ግን ሌላ ሥራ አለው። ዓሣውን በኤሌክትሪክ አደንዝዞ የሚይዘው የጀርባ መሣሪያ፣ ማለትም ኤሌክትሮፊሸሩ፣ በምን ያህል ቮልት መሥራት እንዳለበት የሚወስነው የውሃው ኮንዳክቲቪቲ ነው።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቁጥሮች ይወጣሉ። አንዱ ውሃው አሁን ባለበት ሙቀት ያለው ኮንዳክቲቪቲ ነው። ሌላው ስፔሲፊክ ኮንዳክታንስ የሚባለው ሲሆን፣ ውሃው 25 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ የሚኖረው ነው፤ መሣሪያው በየዲግሪው 1.91 በመቶ እያሰበ ያሰላዋል። ጣቢያን ከጣቢያ፣ ዓመትን ከዓመት ለማወዳደር ሁለተኛው ትክክል ነው። ቮልት ለመምረጥ ግን የሚሠራው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ዓሣው የሚደነዝዘው አሁን ባለው ውሃ ውስጥ ነውና።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በዘርፉ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የዓሣ አካል ኮንዳክቲቪቲ 115 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ነው። የውሃውም 115 በሆነበት ጅረት 200 ቮልት ይበቃል እንበል። ውሃው 30 ቢሆን ያንኑ ኃይል ዓሣው ውስጥ ለማድረስ ወደ 480 ቮልት ያስፈልጋል። 500 ቢሆን 123 ቮልት ያህል ይበቃል፤ የሚፈሰው ከረንት ግን ወደ 2.7 እጥፍ ስለሚያድግ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ መሣሪያውም ጫና በዛብኝ ብሎ ሊያቆም ይችላል።

አሁን 5 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛ ጅረት ውሰዱ፤ ስፔሲፊክ ኮንዳክታንሱ 60 ይላል። እውነተኛው 37 ብቻ ነው። በ60 ያሰላ ሰው 290 ቮልት ገደማ ያስተካክላል፤ የሚያስፈልገው 410 ነበር። ሠላሳ በመቶ ያህል ያነሰ ቮልት ይዞ ይገባል። ትልልቆቹ ዓሣዎች ሲደነዝዙ ትንንሾቹና ድንጋይ ሥር የተደበቁት ያመልጣሉ፤ መዝገቡ ላይ «የዓሣ ቁጥር ቀንሷል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስህተት በብርድ ጊዜ ብቻ ስለሚገን ወቅታዊ ለውጥ ይመስላል። ለዚህ ነው መሣሪያው እንደተከፈተ ሁለቱም ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ እንዲወጡ፣ ሁለቱም እንዲመዘገቡ ማድረግ የሚገባው። ምርጫው በሴንሰር ሜኑው ውስጥ ነው።

በአጭር ኬብል ትክክለኛነቱ ከንባቡ 0.5 በመቶ ነው። ካሊብሬት ሲደረግ ከ1,000 ማይክሮሲመንስ ያላነሰ ስታንዳርድ (ዋጋው የታወቀ መፍትሔ) ይሻላል። የጅረቴ ውሃ ንጹሕ ነው ብሎ የ84 ማይክሮሲመንሱን የሚጠቀም ሰው፣ ሴንሰሩ ላይ የቀረች የቧንቧ ውሃ ጠብታ ስታንዳርዱን ታበላሽበታለች። ሴንሰሩ ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጭምር መጥለቅ አለባቸው። ንባቡ ካሰቡት በታች ወርዶ ከቀረ በውስጡ የታሰረ የአየር አረፋ ፈልጉ፤ ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርጎ ነካ ነካ ማድረግ ያወጣዋል። ታጥቦና ደርቆ አየር ላይ ሲያዝ ወደ ዜሮ ካልወረደ ቆሻሻ አለበት።

የሥራ ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት። ውሃው የሚለካው ማንም እግሩን ጅረቱ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ነው። የሰው እግር ደለሉን ይበጠብጣል፤ ድፍርስነቱ ይጨምራል፣ ከጠጠር መካከል የሚወጣው ኦክስጅን ያነሰው ውሃም ይቀላቀላል። የግድ ከተገባ፣ ከሰዎቹ ወደ ላይኛው ተፋሰስ በኩል ይለካ። ጥልቀት በሌለው ጠጠራማ ፈጣን ውሃ ላይ የአራት ሴንሰሩ ራስ ቆሞ አይጠልቅም። በጎኑ ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ፣ መከላከያው ሳይወልቅ ይቀመጥ።

ፒኤች፣ አሞኒያ እና የማንመክራቸው ሴንሰሮች

የፒኤች ሴንሰሩ ±0.2 ነው። ሲነበብ ትንሽ ይመስላል፤ ወደ አሞኒያ ሲመጣ ግን ትልቅ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው አሞኒያ ሁለት መልክ አለው፦ ጉዳቱ ዝቅ ያለው አሞኒየም፣ እና የዓሣውን ስንጥብ አልፎ የሚመርዘው ነጻ አሞኒያ። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው ፒኤችና ሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ፣ ፒኤች 8 ላይ ነጻው 3.8 በመቶ ነው። ፒኤች 7.8 ቢሆን 2.5፣ 8.2 ቢሆን 5.9 በመቶ ይሆናል። ማለትም መሣሪያው ሥራውን በትክክል እየሠራም፣ የመርዙ ግምት ከእጥፍ በላይ ሊወዛወዝ ይችላል። ፒኤች 9 ላይ ደግሞ 28 በመቶ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አልጌው ከቀትር በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚጠቀምበት ፒኤች ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ስለዚህ ለአሞኒያ መጥፎው ሰዓት ከሰዓት ነው፣ ለኦክስጅን መጥፎው ሰዓት ንጋት ነው። በአንድ ጉብኝት ሁለቱን ማየት አይቻልም።

ፒኤቹ ካሊብሬት የሚደረገው ፒኤቹ በታወቀ መፍትሔ (በፈር) ሲሆን ከ7 ይጀመራል፤ ቀጥሎ እንደ ጅረቱ 4 ወይም 10። ሚሊቮልቱን ማየት አትርሱ፤ ስክሪኑ «ተሳክቷል» ቢልም እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው። በ7 ላይ ከዜሮ 50 ሚሊቮልት ባልራቀ ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ ወደ 4 ወይም ወደ 10 ሲሄድ ከ165 እስከ 180 ሚሊቮልት መራቅ አለበት። ከ160 በታች ከወረደ ሞጁሉ (የሴንሰሩ ተቀያሪ ጫፍ) አርጅቷል፤ ማጽዳት ካልመለሰው ይቀየር። ሞጁሉ እንደ አያያዙ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ መቀየሩም በእጅ የሚሠራ ነው። ኮንዳክቲቪቲው ከ100 በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ፒኤቹ ለመርጋት ደቂቃዎች ይፈጃል። እዚያ ላይ የሚቸኩል ሰው ከእውነተኛው የራቀ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሌላው የተለመደ ጥፋት ሴንሰሩን በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ጨውን ከውስጡ ይመጥበታል። ለዕለት ተዕለት፣ ጥቂት ውሃ ያለበት እርጥብ ሽፋን ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የፒኤች 4 በፈር ይሻላል።

አሞኒየምና ናይትሬት የሚለኩት የአዮን ሴንሰሮች በዝርዝሩ ላይ ያማልላሉ። የአምራቹን የራሱን ቁጥር ተመልከቱ፦ ከንባቡ ±10 በመቶ ወይም 2 ሚሊግራም በሊትር፣ የሚበልጠው። ብዙ ንጹሕ ጅረት ውስጥ የናይትሬት ናይትሮጅን ከ1 ሚሊግራም በታች ነው፤ አሞኒየሙ ከዚያም በጣም ያንሳል። የመለኪያው ስህተት ከሚለካው ነገር ይበልጣል ማለት ነው። በዚያ ላይ ክሎራይድና ባይካርቦኔት ናይትሬቱን፣ ፖታሺየምና ሶዲየም አሞኒየሙን ያሳስታሉ፤ የሞጁሉም ዕድሜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው። አሞኒየሙን ለማስገባት ፒኤቹ ከወጣ ደግሞ ነጻውን አሞኒያ ማስላት አይቻልም። የፍሳሽ ማጣሪያ መውጫ ላይ ወይም ከብት ማደለቢያ ሥር ለሚሠራ ሰው ይረዱ ይሆናል። ለተለመደ ጅረት ግን ውሃውን በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አጥልሎ፣ ጠርሙሱን በረዶ ውስጥ አድርጎ ቤተ ሙከራ መላክ ይሻላል። ፎስፈረስም፣ ብረታ ብረትም፣ ፀረ ተባይም እንዲሁ የዚህ መሣሪያ ሥራ አይደሉም።

የአልጌ ሴንሰሩም ለሐይቅ እንጂ ለጅረት አይደለም። የሚለካው ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ያለውን ነው፤ በጅረት ውስጥ ዓሣውንም ኦክስጅኑንም የሚወስነው አልጌ ድንጋይ ላይ የተለጠፈው ነው።

ድፍርስነት

ሴንሰሩ ጥሩ ነው፤ እስከ 999 ኤፍኤንዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) ድረስ 0.3 ወይም 2 በመቶ ነው። ከሌላው አሃድ ከኤንቲዩ ጋር ግን አይቀላቀልም። ይህኛው ኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማል፣ ኤንቲዩ የሚሰጡት የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች ነጭ ብርሃን። ለአንድ ዓይነት ውሃ የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጡ በአንድ ግራፍ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። አረፋ ባለበት ፈጣን ውሃ ንባቡ ይዘላል፤ የሴንሰሮቹን ራስ ውሃው ውስጥ አራግፎ አረፋውን ማስወጣት፣ ከዚያ ለ40 ሰከንድ ያህል መዝግቦ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል። እጅግ የጠራ ውሃ ላይ አሉታዊ ቁጥር ከመጣ ዜሮው የተወሰደበት ውሃ ንጹሕ አልነበረም።

ዓሣን በተመለከተ ይህ ሴንሰር ግማሹን ነው የሚያየው። በዓይኑ የሚያድን ዓሣ ምግቡን ማየት ይችል እንደሆነ ይናገራል። እንቁላሉን የሚያፍነው ግን ጠጠሩ ላይ አርፎ የቀረው ደቃቅ ደለል ነው፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውሃው ጠርቶ 2 ኤፍኤንዩ ሲያሳይ ደለሉ እዚያው ነው። የወለሉን ጠጠር መጠን ለብቻው መለካት ያስፈልጋል።

ኬብል፣ ባትሪ፣ ጽዳት

ለጅረት የ4 ሜትሩ ኬብል ይበቃል። የ1 ሜትሩ ውሃ ውስጥ እንድትገቡ ያስገድዳል፤ ረጃጅሞቹ የኮንዳክቲቪቲውን ትክክለኛነት ይቀንሳሉ፣ ቁጥቋጦም ይይዛቸዋል። ጂፒኤሱ ምቾት ነው፣ ግዴታ አይደለም። ማህደሩ 100,000 ንባብ ይይዛል። ባትሪው ሊቲየም ሲሆን ሙሉ ሲሆን 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። ተራ ባትሪ ገዝቶ መቀየር ስለማይቻል ለብዙ ቀን ጉዞ በዩኤስቢ የሚሞላ ፓወር ባንክ ያስፈልጋል።

ካሊብሬሽንን በተመለከተ ኦክስጅን በየማለዳው ይደረግ። ሌሎቹ በስታንዳርድ ይፈተሹ፤ ከገደብ ካለፉ ብቻ ካሊብሬት ይደረጉ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ለቋሚ ጣቢያዎች የሚጠቀምበት ገደብ ለዚህም ይሆናል፦ ኦክስጅን ±0.3 ሚሊግራም፣ ፒኤች ±0.2፣ ሙቀት ±0.2 ዲግሪ፣ ኮንዳክቲቪቲ ከ5 ማይክሮሲመንስ ወይም ከ3 በመቶ የሚበልጠው። ብዙዎች የሚረሱት የማታውን ፍተሻ ነው። ጠዋት የተስተካከለ መሣሪያ ማታ ካልተፈተሸ፣ በመካከሉ ያሉት ንባቦች ሁሉ በእምነት ብቻ የቆሙ ናቸው።

ጽዳት ላይ የኦክስጅን ቆቡን አልኮል ወይም ሌላ ኦርጋኒክ ሟሟ እንዳይነካው፤ ቀለሙን ይፈታዋል። ለስለስ ባለ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ይጽዳ። ቆቡ ደርቆ ከቆየ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ይዘፍዘፍና ከዚያ ካሊብሬት ይደረግ። ከአንድ ጅረት ወደ ሌላው ተባይና አልጌ ላለማጓጓዝ ከሁሉ የሚሻለው ማድረቅ ነው፤ ቆቡና ፒኤቹ ደግሞ መድረቅ የለባቸውም። የሚያስታርቀው መንገድ ሴንሰሮቹን በንጹሕ ውሃ አጥቦ በራሳቸው እርጥብ ሽፋን ውስጥ መክተት፣ መከላከያውን፣ ኬብሉን፣ ቦቲውንና መረቡን ለብቻ አጽድቶ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ነው። የሽፋኑ ውሃም ከጅረቱ የተቀዳ እንዳይሆን።

ስለዚህ ትእዛዙ እንዲህ ይሁን፦ የእጅ ክፍሉ፣ አራት ቀዳዳ ያለው የ4 ሜትር ኬብል፣ የኮንዳክቲቪቲና ሙቀት፣ የኦክስጅን፣ የፒኤችና የድፍርስነት ሴንሰር። ከአዮን ሴንሰሮቹ የተረፈው ገንዘብ በየጣቢያው የሙቀት ሎገር፣ ዋና ዋናዎቹ ላይ ደግሞ የኦክስጅን ሎገር ይግዛ። መለዋወጫ ቆብና የፒኤች ሞጁል አስቀድሞ በብዛት ማከማቸት አይመከርም። ቆቡ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግለው፤ የፒኤቹ ሞጁል ደግሞ ሳይከፈትም መደርደሪያ ላይ እያለ ያረጃል። የሥራው ወቅት ሊጀምር አንድ ወር ሲቀረው አንድ አንድ ይታዘዝ፤ አዲስ ቆብ ሲገጠም ከእሽጉ ጋር የሚመጣውን የቆቡን ኮድ ማስገባት እንዳይረሳ፣ ወረቀቱም እንዳይጣል።